ባትሪው ያልኩት ባሌ

ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ይኼን ከአሁኑ ልናገርና ይውጣልኝ። ሠፈሩ ሁሉ ባሌን «ባትሪው» ሲለው የሰማ ሰው፣ ጎረቤታችን ባትሪ ቻርጅ የሚያደርገው ልጅ ያወጣለት ይመስለዋል። የለም፣ እኔ ነኝ። በዚህ ማረፍ በማያውቀው ምላሴ።

ከዚያ በፊት ስሙ «አፈ ምስማር» ነበር። ያኛው የክብር ስም ነው። ባሌ ሶፋ ሰሪ ነው፤ ሥራውን ከጀመረ አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ጥቃቅኗን ምስማር እንደ ድሮ ሶፋ ሰሪዎች አፉ ውስጥ ነው የሚይዛት። ከሣጥኑ አንድ እፍኝ ያነሣና እንደ ቆሎ ወደ አፉ ይጨምራል። ከዚያ ምላሱ ሥራ ትጀምራለች፦ አንዷን ትመርጣለች፣ ታዞራታለች፣ ራሷን ወደ ውጭ አድርጋ ከንፈሩ ላይ ታቀርባታለች። የመዶሻው ጫፍ ማግኔት ስለሆነ ምስማሯን ከከንፈሩ ይስባታል። አንድ ምት እንጨቱ ላይ ያቆማታል፣ ሁለተኛው ይቀብራታል። ጣ ጧ፣ ጣ ጧ። ግራ እጁ የወጠረውን ጨርቅ ለአፍታ አይለቅም። በማሽን የሚሠሩት ወጣቶች ሳይቀሩ በር ላይ ቆመው ያዩት ነበር። «ውጠህ ታውቃለህ?» ይሉታል። ሁለት ጊዜ ውጧል፤ ሁለቱንም በሰላም ሸኝቷቸዋል።

እኔ ሽፋን እሰፋለሁ። የሥራ ቤታችን አንዲት ክፍል ናት፤ በበሩ በኩል እሱ ከእንጨቱና ከሞላው ጋር፣ በመስኮቱ በኩል እኔ ከስፌት መኪናዬ ጋር፣ መሀላችን የስፖንጅ ክምር። የእሱ አፍ ምስማር ስለሞላበት ቀኑን ሙሉ የማወራው እኔ ነኝ። እሱ መልሱ «እምም» ነው። ሠላሳ ዓመት በዚህ ተግባባን። አጭሩ «እምም» አዎ ማለት ነው፤ ለሁለት የተቆረጠው «እም-እም» አይሆንም ነው፤ ረጅሙ «እምምምም» ደግሞ «አንቺ ሴት፣ አሁንስ አበዛሽው» ነው። ረጅሙን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

አንድ ቀን ምስማር ሊያዞር ሲል ነከሳትና የታችኛው የግራ ጥርሱ ለሁለት ተሰነጠቀ። እሱማ አስነቅሎ ሊገላገል ነበር። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ባሌ ሲስቅ ደስ ይላል፤ አፉ ተከፍቶ እስከ ጉሮሮው ነው የሚስቀው። ያንን ሳቅ ቀዳዳ ሊያበላሽብኝ ነው? አልፈለግሁም። ደግሞ የጋብቻ ቀለበቴ ነበረች። ጣቴ በስፌት ብዛት አብጦ አልወጣ ብላ በመጋዝ ነው ያስቆረጥኳት፤ ከሸሚዝ ቁልፎቼ ጋር በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ተጥላ ስትኖር አንጀቴን ትበላኝ ነበር። «ወርቁ ከእኛው፤ አስቀልጠን ጥርስ እናሠራልሃለን» አልኩት። ዓይኔን ዓይኔን አየኝና ሳቀ። ደስ ብሎት ነው። ይኼን አልረሳም።

የጥርስ ሐኪሙ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ባሌን ወንበሩ ላይ አስተኝቶ፣ ጉንጩን በጥጥ ሞልቶ፣ በትንሿ መስታወት ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ወርቁን መሥራት እንችላለን። ግን አጠገቡ ያለው ጥርስ ድሮ በብርማው ብረት የተሞላ ነው» አለኝ። «ሁለት ዓይነት ብረት አፍ ውስጥ ሲነካካ አንዳንድ ሰው ላይ ይነዝራል። ወይ ወርቁ ይቅርና በነጩ እንሥራለት፣ ወይ ያንን ብርማ ሙሌት አውጥተን በነጭ እንቀይረው።»

«ወርቅ ከማን ጋር ተጣልቶ ያውቃል ዶክተር?» አልኩት። «ደኅናውን ጥርስ ምን ያስነካካዋል? ይተዉት እባክዎ!»

ሐኪሙ ባሌን አየው። «እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ባሌ ከጥጡ ሥር ሆኖ «እም…» ምናምን አለ።

«እሺ ብሏል» አልኩ እኔ፤ ቋንቋውን የማውቀው እኔ ነኛ! እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን የትኛው «እምም» እንደነበር በደንብ አልሰማሁትም። ቦርሳዬ ውስጥ ቀለበቷን ስፈልግ ነበር።

ወርቁ ገባ። ሲያምር! መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አስቁሜ «እስቲ ሳቅ» ብዬዋለሁ። ማታ ራት ላይ ሹካው ወርቁን ሲነካው ግን ከወንበሩ ዘለለ። ጉንጩን ይዞ፣ «ኮረንቲ ያዘኝ!» አለ። በማግስቱ ሥራ ቤት እንደ ልማዱ እፍኝ ምስማር አፉ ውስጥ ጨመረ፤ ወዲያው መሬት ላይ ተፋው። ሁሉንም። ሠላሳ ዓመት አንዲት ምስማር ሲተፋ አይቼው አላውቅም።

«ምን ሆንክ?»

«ነዘረኝ። ጥርስ ከጥርሴ ሲገናኝ ራሱ ይነዝረኛል። አፌ ሳንቲም ሳንቲም ይላል።»

እኔ ደግሞ ምን አልኩ? «የእኔ ቀለበት ነው የሚነዝርህ? እጄ ላይ ስንት ዘመን ስትኖር እኔን አንድ ቀን አልነዘረችኝ! ሰው ወርቅ ተሰጥቶት ያማርራል?» አኮረፍኩ። ስጦታዬን የጠላብኝ መሰለኝ። እንደ ልጅ!

ይኼኔ ነው አሲዱ የመጣው። አሲዱ ባትሪ ቻርጅ የሚያደርገው ጎረቤታችን ነው፤ ሱሪው ሁሉ በአሲድ ተበሳስቶ ወንፊት ስለሆነ እንዲያ እንለዋለን። ነገሩን ሲሰማ አልሳቀም። «እትዬ፣ ውሸቱን አይደለም እኮ» አለኝ። «ባትሪ ምንድን ነው? ሁለት ዓይነት ብረት፣ መሀሉ ላይ እርጥብ ነገር። ጋሼ አፍ ውስጥ ወርቅ አለ፣ ያ ብርማው አለ፣ ምራቅ አለ። በቃ። ምስማር ሲጨምርበት ደግሞ ሦስተኛ ብረት መጣ።» ሮጦ ሄዶ ባትሪ የሚለካበትን ቴስተር አመጣ።

ያን ቀን ምን ያህል ሰው እንደተሰበሰበ አትጠይቁኝ። ቁልፍ ቀራጩ፣ የጎማ ቤቱ ሰዎች፣ ወንበር ሊቀበሉ የመጡ ባልና ሚስት። ባሌ ያላለቀ ሶፋ ላይ ተቀምጦ አፉን ከፈተ። አሲዱ አንዱን ገመድ ወርቁ ላይ፣ ሌላውን ብርማው ላይ አስነካ። የቴስተሩ ቀስት ብድግ አለች! ብዙ አይደለም፣ ግን ተነሣች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ፤ የስፌት መኪናውን ተደግፌ ነው የሳቅሁት። «እንግዲህ መብራት ሲጠፋ አምፖል አፉ ውስጥ መሰካት ነው! ወይ ባትሪው! ወይ ባትሪው ባሌ!» አልኩ። ጥርስ አያስከድንም ነበር። ባሌም ገመዱ ከአፉ ተንጠልጥሎ አብሮን ሳቀ። አሲዱ ብቻ ቀስቷን እያየ፣ «ሐኪሙ ጋ ተመለሱ» ሲል ሰማሁት።

ከሰዓት በኋላ ስሙ ጎማ ቤት ደርሶ ነበር። በሳምንቱ ደንበኞች በር ላይ ቆመው «ባትሪው አለ?» ማለት ጀመሩ።

ሐኪሙ ጋ አንድ ጊዜ ተመለስን። ብዙ ሰው ላይ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንደሚለቅ፣ ካልለቀቀ ተመልሰን እንድንመጣና አንዱን ብረት እንደሚያወጣው ነገረን። ጥቂት ሳምንት አለፈ። «እንዴት ነው?» አልኩት አንድ ቀን፣ ክር መርፌ ውስጥ እያስገባሁ። «ቀረ» አለኝ። በቃ፣ ቀረ ብያለሁ እኔም። ቀረ ብሎ ማመን ደስ ይል ነበራ።

አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ሁሉንም አይቻለሁ። በቀኙ ብቻ ማኘክ ጀመረ፤ አየሁ። በብረት ማንኪያ መብላት ትቶ የእንጨት ማንኪያ ገዛ፤ እሱንም አየሁ፣ «እንደ ሕፃን!» ብዬ ቀለድኩበት። ምስማሩን ከአፉ አውጥቶ በጣቱ ከሣጥን እያነሣ መምታት ጀመረ። ግራ እጁ ጨርቁን እየለቀቀ፣ እያነሣ፣ እንደገና እየወጠረ፣ በቀን ሁለት ወንበር የሚጨርስ ሰው አንድ መጨረስ አቃተው። «ሰነፍክ፣ አረጀህ» አልኩት። የአፉ ሥራ ስለቀረ ማውራት ይጀምራል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ጭራሽ ዝም አለ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ሳቁ ነው። አፉን ሳይከፍት መሳቅ ጀመረ። ያንን ወርቅ ያስገባሁት ሲስቅ እንዲታይ አልነበር?

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ልጃችን ሌላ ከተማ ታስተምራለች፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች። አንድ እሑድ ከአባቷ ጋር አውርታ ስታበቃ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ።

«እማዬ፣ አባዬ ምላሱ ምን ሆኗል? ንግግሩ ወፈረብኝ እኮ።»

«አባትሽ ድሮስ መቼ ተናግሮ ያውቃል!»

«አትቀልጂ እማዬ። በሞቴ አፉን እዪው።»

በማግስቱ ምሳ በልቶ ያላለቀ ሶፋ ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። አፉ ተከፍቷል። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ፊቱ ላይ አርፋለች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በምላሱ በግራ በኩል፣ ዳሩ ላይ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነጭ ነገር አለች፤ መሀሏ ቀልቶ ቆስሏል። ወርቁና ብርማው ከሚነካኩበት ፊት ለፊት ነች። ስፖንጁ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ተነሥ! ተነሥ አንተ ሰው! ምንድን ነው ይኼ?»

ዓይኑን ሳይገልጥ አፉን ገጠመ። «ምስማር ቧጭሮኝ ነው።»

«ምስማር አፍህ ከገባ ሁለት ዓመትህ!»

ተነሥቶ ተቀመጠ። መዶሻውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየ። ስድስት ወር… እንጃ።»

«መንዘሩስ? ቀረ ብለኸኝ የለ?»

«አልቀረም።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም? እኔ ጠላትህ ነኝ?» ጮህኩበት። ሲጨንቀኝ እጮሃለሁ፤ ሌላ አላውቅም።

«ነገርኩሽ እኮ» አለኝ። «ሳቅሽ።»

ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣም፤ የሆነውን ነው የነገረኝ። ደግሞ፣ «ያንቺ ቀለበት ነች። አውጡልኝ ብዬ እንዴት ልሂድ?» አለ። ሥራ ቤቱን ዘግቼ ሐኪም ቤት ይዤው ሄድኩ።

የሐኪም ቤቱ ኮሪደር ረጅም ነው፤ ወንበሮቹ ጠንካራ ፕላስቲክ ናቸው። ባሌ ተቀምጦባቸው በእጁ ሥራቸውን ይዳብሳል፣ እንዴት እንደተሠሩ ሊያይ። ከቁስሉ ጫፍ ትንሽ ቆርጠው ወሰዱ። ውጤቱ እስኪመጣ አሥር ቀን ጠበቅን። በአሥሩ ቀን የሰፋሁትን ሁሉ ፈትቼ መልሼ ሰፍቻለሁ፤ አንድም ቀጥ ያለ መስመር አልወጣልኝም። ውጤቱ መጣ። ካንሰር ነው። ሐኪሟ ገና ወጣት ነች፤ ስሙን ሳትሸፋፍን ተናገረች። የምላሱ ግራ ጎን ይቆረጣል፤ ወርቁም ለቀዶ ጥገናው እንቅፋት ስለሆነና ምላሱን ስለሚፈገፍገው ይወጣል። ከዚያ በኋላ ይናገራል፣ ግን እንደ ድሮው አይሆንም። ባሌ ራሱን ነቀነቀ። ከእንግዲህ ምስማር በአፉ መያዝ ይችል እንደሆነ ሊጠይቅ ፈልጎ ነበር መሰለኝ፤ ተወው።

እሱ ልብሱን ሊቀይር ሲገባ እኔ ሐኪሟ ጋ ተመለስኩ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ከወርቁ ነው?»

«እናቴ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም» አለችኝ። «ሁለት ብረት አፍ ውስጥ ሲነካካ ይነዝራል፣ የብረት ጣዕም ያመጣል፣ አንዳንድ ሰው ላይ አጠገቡ ያለውን ሥጋ ያስቆጣል። ይኼ የታወቀ ነው። ይኼንን በሽታ ያመጣው እሱ ነው ማለት ግን አልችልም። ብዙ ሰው ሁለቱንም ብረት ይዞ ምንም ሳይሆን ይኖራል።»

«እሺ አይደለም በይኝ። አይደለም በይኝና ልሂድ።»

«እሱንም ማለት አልችልም።»

«ምስማሩስ? አርባ ዓመት ሙሉ ምስማር…»

«አላውቅም። ማንም አያውቅልዎትም።» እጄን ያዘችኝ። «የማውቀው አንድ ነገር ነው። አፍ ውስጥ ያለ ቁስል ሦስት ሳምንት ቆይቶ ካልዳነ መምጣት ነበረበት። ቀደም ብሎ ቢመጣ ትንሽ ነበር የምንቆርጠው።»

ሰው ጥፋተኛ ነሽ ቢለኝ አለቅስ ነበር፤ ነሽም አይደለሽም የሚል ጠፋ። ቀለበቴን ልርገማት ወይ ልማራት አቃተኝ። የማውቀው ሳቄን ብቻ ነው። ለሳቄ ምርመራ አያስፈልገውም።

ቀዶ ጥገናው በተደረገ ቀን አላስገባ አሉኝ። ልጃችን መንገድ ላይ ነች። ቤት መቀመጥ ሲያቅተኝ ሥራ ቤቱን ከፈትኩ። ስድስት ወንበር ጨርቃቸው ተቆርጦ፣ ስፖንጃቸው ለብሶ፣ ባሌን ይጠብቃሉ። አንዱን አነሣሁ። ጨርቁን ወጠርኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አራት ምስማር አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ምላሴ አንዷንም ማዞር አልቻለችም። ስታወራ የኖረች ምላስ፣ ለሥራ ሲፈልጓት ዱዳ ሆነች። ምስማሮቹን መዳፌ ላይ ተፋኋቸው።

አሲዱ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «እትዬ፣ ምነው ያን ቴስተር ባላመጣሁት» ብሎ ማልቀስ ጀመረ።

«ተው እንጂ አንተ» አልኩት። «ቴስተሩማ እውነቱን ነው የነገረን። አንተም ተመለሱ ብለኸናል። የሳቅነው እኛ ነን።»

በሦስተኛው ቀን አስገቡኝ። አራት አልጋ ያለው ክፍል ነው፤ የባሌ በመታጠቢያው ገንዳ አጠገብ ነው። ፊቱ በግራ በኩል አብጧል፣ አንገቱ ላይ ፋሻ አለ። እንዳይናገር ከልክለውታል። ልጃችን እግርጌው ተቀምጣለች። ነርሷ ትንሽ ፖስታ ሰጠችኝ፤ ውስጡ በጥጥ የተጠቀለለ ወርቁ አለ። ከቀለበቴ ያነሰ ይመስላል። በአንድ ጎኑ፣ ብርማውን ይነካ በነበረበት በኩል፣ ወይቧል።

ያዝኩት። አገላበጥኩት። የእኔም የላይኛው የግራ ጥርሴ በዚያው በብርማው ነው የተሞላው፤ ልጅ ሳለሁ ነው ያስሞላሁት። ገንዳው ላይ ሄጄ ወርቁን በሳሙና አጠብኩት፣ ደግሜ አጠብኩት።

«እማዬ፣ ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ልጄ።

ወርቁን ምላሴ ላይ አደረግሁት። በምላሴ ገፍቼ ወደ ግራ ወሰድኩትና ነከስኩ። ምንም የለም። የብረት ጣዕም ብቻ። ትንሽ አስተካክዬ፣ ከሙሌቱ ጋር ገጥሜ እንደገና ነከስኩ።

«ዋይ!»

መርፌ ነው። ከጥርሴ ተነሥቶ በመንጋጋዬ አልፎ ጆሮዬ ሥር ገባ። ግራ ዓይኔ እንባውን ዘረገፈው። ወርቁን መዳፌ ላይ ተፋሁትና ገንዳውን ይዤ ቆምኩ። በሽተኞቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ፤ ነርሷ ከበር ተመለሰች። አንዴ ነው የነከስኩት። አንዴ! ሰው በቀን ስንት ጊዜ ጥርሱን ይገጥማል?

ዞር ስል ባሌ ከትራሱ ቀና ብሎ ያየኛል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀብኝ ነው። ስፌቱን እንዳያመው ጉንጩን በእጁ ደግፎ፣ አፉን ገጥሞ፣ እየሳቀብኝ ነው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እጁን ያዝኩት። «እንዲህ ነበር?» አልኩት። «ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በነከስክ ቁጥር፣ እንዲህ ነበር?»

ሳቁን ተወ። «እምም» አለ።

አጭሩን ነው። ይኼኛውን በደንብ ሰማሁት።